ማታ እኔ፣ ጠዋት አሙ ኦያይ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የሽኝት ዝግጅት አድርጎልኝ ነበር። ኬክ ተቆረሰ፣ ካባ ተደረበልኝ፣ ከዚያም አንድ ወጣት ባልደረባችን ማይክራፎን ይዞ የሥራ ታሪኬን አነበበ። ትያትር ቤት የባህል ኦርኬስትራ ውስጥ ክራር የመታሁባቸውን ዓመታት በሰፊው ተረከ። በወጣት ማዕከሉ ልጆች ያስተማርኩበትን ዘመንማ እንደ ገድል ነው ያነበበው። አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ «በደቡብ ሱዳንም ለጥቂት ጊዜ አገልግለዋል» አለና ወረቀቱን አጠፈ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ያቺ «ለጥቂት ጊዜ» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀረች።

ልጁ ምን ያድርግ፣ የሰጡትን ነው ያነበበው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን ዛሬም ብቻዬን የሚያስቀኝ ጁባ የነበርኩበት ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ብቻሽን ስትስቂ ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ያሻውን ይበል። ጣቶቼ በቁርጥማት ምክንያት ክር መያዝ አቃታቸው እንጂ እስክሪብቶ አላቃታቸውም። ስለዚህ ያችን ግማሽ መስመር እኔው ራሴ ላስፋት።

ከጁባ በፊት ግን ስለ ጋሽ ወርቁ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሳቸው የተፈጠረው ነገር አይገባም። የኦርኬስትራው አለቃ ሌላ፣ ድምፃቸው ከመለከት የሚበልጥ ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው የተማርኩት በጓሮ በር መውጣትን ብቻ ነው። ክራር ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። መሣሪያ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በራሳቸው መሐረብ ያደርቃሉ፤ ላብ ክር ይበላል ባይ ነበሩ። ሲቃኙ ጆሯቸውን ክሮቹ የሚታሰሩበት ቀንበር ላይ ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዘፋኝ ሲሳሳት ተቆጥተው አያውቁም። ክራሩን ዝቅ አድርገው ይጠብቁታል፤ ዘፋኙ ራሱ አፍሮ ይመለሳል።

አንድ ልማዳቸው ግን ከሁሉ ይበልጥ አብሮኝ ቀረ። ማታ ሁላችንም ወደ ታክሲ ስንሮጥ እሳቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ክራር አንድ በአንድ እያወረዱ ይቃኛሉ። ሁሉንም በትዝታ። ነገ በባቲም ተጫወትን በአምባሰል፣ ማደሩ በትዝታ ነው። «ያልተቃኘ ክራር ማሳደር እንግዳን ጦሙን ማስተኛት ነው» ይሉ ነበር። ሌላም ምክር ነበራቸው፤ «ከመንካትሽ በፊት ስሚ» የሚል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አጥብቄ ይዤ ነው ጁባ የገባሁት።

የወሰደኝ ዳንኤል ነው። ዳኒ፣ ጁባ ውስጥ አማራት በሚባለው ሰፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የነበረው፣ እሑድ እሑድ የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ጴንጤ ልጅ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ኪቦርዱን ሲለማመድ የሰፈሩ ልጆች እየተሰበሰቡ ደንበኛ አላስገባ አሉት። ቢያባርራቸው ይመለሳሉ፣ ከረሜላ ቢሰጣቸው በዝተው ይመጣሉ። ቢቸግረው ኒምራ ታላታ ሰፈር ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራየና የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። በወጣት ማዕከሉ ያስተማርኩት ልጅ ነበርና ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባወጀች በጥቂት ወራት ውስጥ ስልክ ደወለልኝ። «እትዬ አልማዝ፣ ክራር የሚያስተምር ሰው እፈልጋለሁ። ደመወዙ ይዘገያል እንጂ አይቀርም» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል፤ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር፣ ቀርቶ ግን አያውቅም።

ትምህርት ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግቢው መሐል አንድ የኒም ዛፍ፣ በዙሪያው የቀርከሃ አጥር። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እንኳን ክራር መለከትም አያሰማ። መጀመሪያ ሰሞን እበሳጭ ነበር፤ ኋላ ግን ዝናብ ሲጥል መሣሪያ አስቀምጠን በጭብጨባና በእግር ከዝናቡ ጋር ምት መጫወት ጀመርን። ልጆቹ ደመና ሲያዩ ይጮሁ ጀመር። የጎረቤታችን ጀነሬተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንዲት ድምፅ ይዞ ያጓራል። ሶል ከምንላት ኖታ ትንሽ ከፍ የምትል ድምፅ ናት። ስንሸሻት ቆይተን አልሆነልንም፣ ታረቅናት። ልጆቹ መዝሙር ሲጀምሩ መነሻውን ከጀነሬተሩ ይወስዳሉ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይወርዳል፣ መዘምራኑም ሳያውቁት አብረው ይወርዳሉ። ዳኒ ኪቦርዱ ላይ ሆኖ «ኧረ በኢየሱስ ስም ወደ ላይ!» እያለ ይጮኻል።

ልጆቹ የመጡት ከየትም ነው። ካርቱም ያደገ አለ፣ ካምፓላ ያደገ አለ፣ ናይሮቢ፣ ጋምቤላ፣ አዲስ አበባ ያደገ አለ። ሲስማሙ በጁባ ዓረብኛ ይግባባሉ፣ ሲጣሉ ግን እያንዳንዱ በስደት ባደገበት ሀገር ቋንቋ ይሳደባል። አንድ ቀን «አንተ ደነዝ!» የሚል ጥርት ያለ የገርጂ አማርኛ ከኋላ ረድፍ ስሰማ ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ። ማስታረቂያችን ምሳ ነበር። ከአንድ ትልቅ ሰሃን ፉል በዳቦ እየጠረግን እስክንጨርስ ጠቡ ይረሳል።

የአገሩን መሣሪያ የሚያስተምረው አሙ ኦያይ ነው። አሙ ማለት አጎቴ እንደማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ አሙ ይለዋል። የማላካል ከተማ ሰው ነው፣ ከሽሉክ ብሔረሰብ፤ ነጭ ባርኔጣው ከራሱ ላይ፣ የተወለወለ ጫማው ከእግሩ የማይለይ፣ ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ያለ እኔ የተሞሸረች ሙሽራ የለችም ብሎ የሚምል ጉረኛ። የሚጫወተው ቶም ነው። ቶም የክራራችን የአጎት ልጅ ነው፤ ገበቴ አለው፣ ሁለት ምሰሶ አለው፣ ቀንበር አለው። ክሮቹ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚገዛ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ናቸው። አሙ ኦያይ ጋምቤላ በስደት ሲኖር አማርኛ ተምሯል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። «አልማዝ! ኬፍ? አንተ ደህና አደርክ?» ይለኛል። እኔም በአጸፋው አንተ አልኩት፣ በዚያው ጸና።

እሱ ጠዋት ያስተምራል፣ እኔ ከሰዓት። የምንገናኘው ምሳ ላይ ብቻ ነው። ክራሮቹና ቶሞቹ የሚያድሩት ግን አንድ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ነው። እኔም የጋሽ ወርቁ ተማሪ አይደለሁ? ማታ ልጆቹ ሲበተኑ እጄን ታጥቤ፣ በመሐረቤ አድርቄ፣ ከዳር እስከ ዳር እያወረድኩ እቃኛለሁ። ክራሩንም ቶሙንም። ሁሉንም በትዝታ።

ክራሮቹ በማግሥቱ ደህና ናቸው። ቶሞቹ ግን ብልሽትሽት ብለው ይጠብቁኛል። ደግሞ ሁሌም በአንድ ዓይነት፦ ሦስተኛው ክር ዝቅ፣ አምስተኛው ትንሽ ከፍ። እንደገና እቃኛለሁ፣ እንደገና ይበላሻሉ። ሙቀቱ ነው አልኩ፤ ቆዳው ደርቆ እየሳበው ነው። እርጥብ ጨርቅ አለበስኳቸው። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ነው አልኩ። ናይሎኑን በወፍራም ለወጥኩ። ለዳኒ ብነግረው «እትዬ አልማዝ፣ ይሄ የጠላት ሥራ ነው፤ እንጸልይበት» አለኝ። ምሳ ላይ ለአሙ ኦያይም አማርሬያለሁ።

«ይሄ የጁባ ሙቀት መሣሪያ የሚያስቀምጥ አልሆነም» አልኩት።

«ሙቀት ሌባ ነው!» አለ በቁጣ፣ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ። «እኔንም አስቸገረኝ። ቶሞቹን ቦታ ለወጥኩ፣ ጥላ ወዳለበት ሰቀልኩ፣ ምንም። ከላስ፣ በቃ፣ ደከመኝ።»

እንዲህ ተዛዝነን እንለያያለን።

አቾል የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ያ የገርጂ አማርኛ የእሷ ነበር። ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ከእናቷ ጋር አገሯ የገባች ሽሉክ ናት። እናቷን ማማ አቾል ነው የምንላት፤ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር ከእናቷ እናት ጋር ይኖሩ ነበር። አያቲቱን ሁሉም ሀቦባ ይሏቸዋል፤ በዓረብኛ አያት ማለት ነው። ሀቦባ ከማላካል ልጃቸውን ለማየት መጥተው፣ በናይል የሚመለስ ባርጅ፣ ሰፊ የጭነት ጀልባ፣ የሚጠብቁ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን አቾል ክራር ይዛ አልመታ አለችኝ። ምን ሆንሽ ብላት እንባዋ መጣ።

«ቲቸር፣ አያቴ እኮ ትነሳልኛለች።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቤት ስገባ ከወንበሯ ትነሳልኛለች። አያት ለልጅ ልጇ ትነሳለች እንዴ? የአጎቴን ልጆች ስትሰድብ ነው የምትውለው። ውሃ አምጡ፣ እግራችሁን ታጠቡ፣ አትንጫጩ። እኔን ግን ‹እንግዳችን በልታለች ወይ?› ብላ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚቀርበው። ቋንቋዋን አልችል፣ ዓረብኛዬ እንደሆነ ከገበያ አያልፍም። ባርጁ ሲመጣ ‹ያቺ ሐበሻ› ብላኝ ልትሄድ ነው።»

ልጅቷ አቅፋ የምትስማት አያት አላጣችም፣ የምትቆጣት ነው ያጣችው። የወላጆች ቀን እየደረሰ ነበር፤ ለምን የሀቦባን ዘፈን በራሳቸው ቋንቋ፣ በቶም አትዘፍኝላቸውም አልኳት። ማማ አቾል ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ አለች፤ ሀቦባ ልጃቸውን ያሳደጉባት። ማታ ሲሆን እናት ወንዙ ዳር ቆማ፣ ልጄ ማዶ ናት፣ ታንኳ አምጣልኝ ብላ የምትጣራባት ዘፈን ናት። አቾል ዓይኗ በራ። ቃሉን ከእናቷ ቀድታ አጠናች፣ ዜማውን ለእኔ አንጎራጎረችልኝ።

እኔም አረምኩት። ዜማው ውስጥ ሦስተኛዋ ድምፅ ዝቅ ትልብኛለች። የልጅቷ ጆሮ ነው ብዬ እናትየዋን አስጠርቼ ብሰማ እሷም ዝቅ ታደርጋታለች። አይ፣ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ ደክሟት ነው፣ ትንፋሽ አጥሯት ነው አልኩ። አስተካክዬ፣ አሳምሬ፣ በትዝታ ቃኝቼ ሰጠኋት። ልጅቷም አንጀት በሚበላ ድምፅ ያዘችው።

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች ኒሙ ሥር ደረደርን። አሙ ኦያይ ሠርግ ተጠርቶ ስለነበር አልመጣም። ሀቦባ ከፊት ተቀመጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ላዎ የሚሉትን ኩታ ትከሻቸው ላይ ቋጥረው። አቾል ልትወጣ ስትል ቶሟን ተቀብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ቃኘሁላት። ዘፈነች። እኔ አለቀስኩ፤ ዳኒ አለቀሰ፤ ጀነሬተሩ እንኳን ያን ዕለት ልክ ገባ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሀቦባ በጨዋ ወግ አጨበጨቡ። ከጎናቸው ወዳለችው ሴት ዘወር ብለው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ሄሉ! ጉና ታ ሀበሽ ዴ ሄሉ!» አሉ። ደስ ይላል፣ ይሄ የሐበሻ ዘፈን ደስ ይላል ማለታቸው ነው። ሰው በፍቅር ሳቀ። አቾል ቶሟን ይዛ እዚያው ቆማ ቀረች። ከዚያ ወርዳ ከክፍሉ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች፤ ማንም ቢለምናት አልተነሳችም። ዘፈኑ በሽሉክ ቋንቋ ነበር። አያትየዋ ያሳደጉበትን ዘፈን፣ ልጃቸው ያቀበለችውን፣ የልጅ ልጃቸው ዘፍናላቸው አላወቁትም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መድረክ ላይ ክር ተበጥሶብኛል፣ መብራት ጠፍቶብኛል፣ ዘፋኝ ሰክሮብኛል። እንደዚያ ቅዳሜ ግን ወድቄ አላውቅም።

እሑድን ስብሰለሰል ዋልኩ። ሙቀቱ ዘፈኑ መሐል ክሩን አላልቶት ይሆናል ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ሰኞ ክሩን በሙሉ ልለውጥ ብዬ በጠዋት ሄድኩ። በጠዋት እዚያ ግቢ ረግጬ አላውቅም ነበር። ብገባ አሙ ኦያይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የአቾልን ቶም ሦስተኛ ክር ያላላል።

«አሙ ኦያይ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ሙቀት ያበላሸውን እሠራለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሁልጊዜ ጠዋት እሠራለሁ። ደህና አድርጌ እተወዋለሁ፣ በነጋታው ስመጣ ከላስ፣ ሁሉም ተበላሽቷል።»

«እኔ እኮ ነኝ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «በየማታው ሙቀት ያበላሸውን የማስተካክለው።»

ቶሙን አየ። እኔን አየ። እንደገና ቶሙን አየ።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ሙቀቱ… አንተ ነህ?»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። እሱ ከባልዲው ወደቀ፣ እኔ የኒሙን ግንድ አቀፍኩ። ዳኒ እባብ የገባ መስሎት አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ ሮጦ መጣ። ነገሩን ሲሰማ እሱም መሬት ተቀመጠ። ስንት ወር ሙሉ ማታ እኔ፣ ጠዋት አሙ ኦያይ፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ በትጋት ስናፈርስ ኖረናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ «ኡስታዛ ሱኩን» ሆኜ ቀረሁ፤ ትኩሷ አስተማሪ ማለት ነው።

ሳቄ መሐል ላይ አቾል ትዝ አለችኝና ቀጥ አልኩ። «ዜማውንም አርሜዋለሁ» አልኩት። «ሦስተኛዋን ድምፅ ከፍ አደረግኳት። ዝቅ ያለች መስላኝ።»

አሙ ኦያይ ሳቁን ተወ። ባርኔጣውን አንስቶ ራሱ ላይ ደፋ። «የእኛ ቋንቋ በድምፅ ከፍና ዝቅ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ድምፁ ሲወጣ ቃሉ ይጠፋል። ሀቦባ የሰማው ቃል የለም። ቆንጆ ድምፅ ብቻ ሰማ።»

ከዚያ ወዲያ እኔ ተማሪ ሆንኩ። ያ ጉረኛ፣ ሲያስተምር ሌላ ሰው ነው። ለብዙ ቀን ቶም አላስነካኝም። ኒሙ ሥር አስቀምጦ ሻይ ይሰጠኝና «ስማ» ይለኛል። እሱ ይመታል፣ እኔ እሰማለሁ። ጣቴን ሳነሳ «ስማ!» ሦስተኛዋ ክር በመጣች ቁጥር ጆሮዬ ወደ ላይ ሊጎትታት ይሮጣል፣ እናት የልጇን የተንሻፈፈ ኮሌታ ሳታስተካክል እንደማታልፈው። ጋሽ ወርቁ የነገሩኝ ሁለተኛው ምክር ይህ አልነበረም እንዴ? ኦርኬስትራ ውስጥ ሁሉም እንደኔ የሚሰማ ስለነበር ያ ምክር አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር።

በመጨረሻ ጆሮዬን የከፈተችልኝ ማማ አቾል ናት። አንድ ከሰዓት ልጇን ልትወስድ መጥታ፣ ባልዲ ውሃ ላይ እጇን እየታጠበች ያችን ዘፈን ታንጎራጉራለች። ያን ቀን ለማረም አልሰማኋትም። ሦስተኛዋ ድምፅ መጣች፣ ዝቅ አለች፣ እዚያው ተመቻችታ ተቀመጠች። ቤቷ እዚያ ነው። በደስታ ብድግ ብዬ ሴትዮዋን ከነሳሙናዋ አቀፍኳት።

ግድግዳውን ተካፈልን፤ የግራው የክራር፣ የቀኙ የቶም። ማታ ክራሮቼን እቃኛለሁ፣ ቶሞቹን ግን ደህና እደሩ ብዬ አልፋለሁ። በጋሽ ወርቁ አባባል ላይም የራሴን ጨመርኩበት፦ እንግዳን ጦሙን አታስተኚ፣ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚበላ ጠይቂ።

አቾልን መመለስ ግን ቀላል አልነበረም። «ቲቸር፣ አንዴ ተዋርጃለሁ፣ ይበቃኛል» አለችኝ። ያሳመናት አሙ ኦያይ ነው። ቶሟን በራሱ ቅኝት ቃኝቶ እጇ ላይ አስቀመጠና የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እንድትል ለመናት። አለችው። ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ ስትደርስ ራሷ ደነገጠች። «የእማዬ ድምፅ ሆነ!» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት!

አሁን የቀረን ባርጁ ነው፤ አቾል ሳትዘጋጅ መጥቶ ሀቦባን እንዳይወስድብን። ባርጁ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ በዚህ ሳምንት ይባላል፣ ነዳጅ ጠፋ ይባላል፣ ውሃው ጎደለ ይባላል። በዘገየ ቁጥር ግቢው በእልልታ ይቀልጣል። ልጆቹ ዳኒን ባርጁ እንዲዘገይ ጸልይልን ብለው ያዙት። «የሰው መንገድ እንዲሰናከል አይጸለይም!» ብሎ ተቆጣቸው። በማግሥቱ ግን ኪቦርዱ ላይ አጎንብሶ «ጌታ ሆይ፣ ጊዜው በእጅህ ነው፣ አንተ ታውቃለህ…» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ያቺ ከተማ ላይ የወረደውን ጦርነት ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔ ከዚያ ቀደም ብዬ ወጥቼ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ልጆቹ እንደገና ተበተኑ። ስለዚያ መጻፍ የምችል ሰው አይደለሁም። የማውቀውን ልናገር፦ ዳኒ ሐዋሳ ነው፣ አሁንም ኪቦርድ ይጫወታል። አሙ ኦያይ ስልክ ባገኘ ቁጥር «አልማዝ፣ አንተ አለህ?» ይለኛል። አቾል ካምፓላ ልጆች ቶም ታስተምራለች። አሁን ወደ ኮሎሎ ልመለስ፤ ልጽፍ የተነሳሁት ሀቦባን ስለተሰናበትንባት ከሰዓት ነውና።

ባርጁ በእርግጥ መጣ፤ ነገ ይነሳል ተባለ። እኛም ትምህርት ቤቱን በሙሉ በዳኒ ፒካፕ ላይ ጭነን ሀቦባን ልንሰናበት ኮሎሎ ሄድን። ግቢው ውስጥ የታሰረ ሻንጣ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የሚንጫጩ የአጎቷ ልጆች። አቾል ስትገባ ሀቦባ ከወንበራቸው ተነሱ። ወንበሩን በእጃቸው እያሳዩ እንድትቀመጥ ጋበዟት። አቾል አልተቀመጠችም። ቶሟን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ጀመረች።

በመጀመሪያው መስመር ሀቦባ አንገታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። በሁለተኛው፣ የምታወራቸውን ሴት በእጃቸው ዝም አሰኙ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ድምፁ ረዘም ብሎ የሚቆይበት ቦታ ላይ፣ እጃቸውን አቾል ፊት ዘርግተው አስቆሟት። እኔ ሞትኩ። ደግሞ አበላሸን አልኩ።

ሀቦባ በሽሉክ ቋንቋ፣ በፍጥነት፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ይናገሩ ጀመር። ጣታቸው አቾል ላይ፣ ቀጥሎ እናቷ ላይ፣ ተመልሶ አቾል ላይ። ማማ አቾል አፏን በእጇ ያዘች። አሙ ኦያይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ተረጎመልኝ፤ የእሱን «አንተ» እኔው «አንቺ» አድርጌዋለሁ፦

«‹ማነው እንዲህ ያስተማረሽ? ታንኳው ሳይደርስ ለምን ትዘያለሽ? ወንዝ ውስጥ ልትገቢ ነው? የዚህች የእናትሽ አመል ነው፣ እሷም ትንፋሽ አትጠብቅም ነበር! ቁሚ፣ ቀጥ በይ! ስሚኝ!›»

ከዚያ ራሳቸው ዘፈኑት። ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነበር፤ ያችን ረጅም ድምፅ ግን ታንኳው ማዶ እስኪደርስ ያዟት፣ ያዟት፣ ያዟት። ከዚያ ለቀቋት። አቾልን በከዘራቸው ጫፍ እግሯን ነካ አደረጓት፤ አንቺ በይ ማለት ነው። አቾል አፏን ስትከፍት እንደገና እጃቸውን ዘረጉ።

«‹ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ አምጪልኝ›» አለ አሙ ኦያይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ሳቅና ልቅሶ እየታገሉት። «‹ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ!›»

አቾል ቶሙን እጄ ላይ ጥላ ወደ እንስራው ሮጠች። ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዛ ስትመለስ በአጠገቤ አለፈች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጥርሷ ሁሉ ታይቶ።

«ቲቸር፣ ተቆጣችኝ! ሰሙ? ተቆጣችኝ'ኮ!»

የውሃውን ግማሽ መንገድ ላይ አፍስሳው ነበር የደረሰችው። ለዚያም እንደገና ተቆጧት።